«ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም» የተባለ ታካሚ ጤና ጣቢያ ሲመጣ

ጥያቄው በአንድ ጤና ጣቢያ የዓይን ክፍል ከምትሠራ ነርስ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የ68 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ የማኩላ (የዕይታው መሃል) ጠባሳ አለ። ሪፈር የጻፍንላቸው ሆስፒታል አይቷቸው “ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም” ብሎ መለሳቸው። ቀኝ ዓይናቸው 6/60 ነው (ደህና ዓይን በ60 ሜትር የሚያየውን እሳቸው በ6 ሜትር ያያሉ)። በግራው ጣት የሚቆጥሩት በ1 ሜትር ነው። ከገበያ መነጽር ገዝተው ነበር፤ አልሠራላቸውም። ልጃቸው “የቀረቻቸው ዓይን እንዳታልቅ” ብላ ማንበብ ከልክላቸዋለች። እኔ ያለኝ የኢ ቻርት (የዕይታ መለኪያ ሰሌዳ)፣ ባትሪ፣ ፒንሆል (ትንሽ ቀዳዳ ያለው የዓይን መሸፈኛ) እና የሙከራ ሌንስ ሳጥን ነው። ዓይናቸውን እንዲያሳርፉ ልምከራቸው? ወይስ የማደርግላቸው ነገር አለ?»

ዓይንዎን ያሳርፉ አትበያቸው። ዓይን ሻማ አይደለም፤ በተጠቀሙበት ቁጥር አያልቅም። ጠባሳው በማንበብ አይሰፋም፣ ባለማንበብም አይጠብም። መጽሐፍ አቅርቦ መያዝ፣ ቴሌቪዥን ሥር መቀመጥ፣ በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያደክማል። ራስም ሊያሳምም ይችላል። ሬቲናውን፣ ማለትም ከዓይን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ግን አይጎዳውም። ልጃቸው የከለከለቻቸው ስለምትሳሳላቸው ነው። ስለዚህ ሳትቆጪያት፣ አባቷ ባሉበት፣ በግልጽ ንገሪያት። ይህ ካልታረመ የቀረው ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ነው። ቤት ሲገቡ መጽሐፉን ትቀማቸዋለች።

«ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም» የምትለዋም መታረም አለባት። ሐኪሙ ማለት የፈለገው ጠባሳውን የሚያነሳ ቀዶ ሕክምና ወይም መድኃኒት የለም ነው። ያ ልክ ሊሆን ይችላል። መምህሩ የሰሙት ግን «አለቀልዎት» የሚል ነው። 6/60 የሚያይ ሰው ዓይነ ስውር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ዓይነ ስውር የሚለው በተሻለው ዓይኑ ከ3/60 በታች የሚያየውን ነው። የእሳቸውን ዓይነት ሎው ቪዥን እንለዋለን። ታክሞም መነጽር ተሰጥቶትም በደንብ የማያይ፣ ግን የተረፈው ዕይታ ሥራ የሚያሠራው ሰው ማለት ነው። ደግሞም ማኩላ የሬቲናው መሃል ነው። ችግሩ እሱ ላይ ብቻ ከሆነ የዳሩ ዕይታ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ አይጨልምባቸውም። ይህን በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ታካሚ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ሎው ቪዥን ብለሽ ከመቀበልሽ በፊት ግን የሚድን ነገር አለመቅረቱን አረጋግጪ። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት 1.6 በመቶው ሕዝብ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ዕይታቸው ከደከመው ውስጥ 42.3 በመቶዎቹ ሞራ ነበረባቸው። 33.4 በመቶዎቹ ደግሞ መነጽር የሚያስተካክለው ችግር። ከ4ቱ 3ቱ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ወይም መነጽር ነው። ሞራ ላለበት ሰው ማጉያ መስታወት ሰጥቶ መሸኘት በደል ነው። ስለዚህ ፒንሆሉን አንሺ። በፒንሆል ከተሻለው መነጽር ይረዳዋል። ካልተሻለው ችግሩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ማኩላው የተጎዳ ሰው እንዲያውም በፒንሆል ሊብስበት ይችላል። በባትሪሽ ብሌኑን እዪ፤ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞራ ጠርጥሪ። ቀጥ ያለው መስመር ድንገት የጎበጠበት ወይም ዕይታው በቀናት ውስጥ የወረደበት ሰው ከመጣ ደግሞ ቶሎ ሪፈር ጻፊ። ቀድሞ ታይቶ ነበር፣ «የሚደረግ የለም» ተብሏል ብለሽ እንዳትተዪው።

ከደብዳቤሽ አንድ ጥያቄ ይነሳል። 6/60 የተባለው በመነጽር ነው ወይስ ያለ መነጽር? የሌንስ ሳጥን ስላለሽ መጀመሪያ የሩቁን አስተካክዪ። ወደ 6/36 ብቻ ቢሻሻል እንኳ ትንሽ ነገር አይደለም። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ አሳይሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስለ መምህሩ ዕድሜያቸውን፣ በሽታቸውን፣ የዕይታ ቁጥራቸውን ጽፈሽልኛል። ምን ማድረግ እንዳቃታቸው ግን የለም። ጠይቀሻቸዋል? «ማየት እፈልጋለሁ» አይበቃም፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። ትንሽ ገፋ አድርጊ። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲያደርጉ ዋሉ? የቱ ጋ ተቸገሩ? ቀድሞ ራስዎ ይሠሩት የነበረውን አሁን ማን ይሠራልዎታል?

ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። እኔ የማንበቢያ ካርድ ይዤ ጉድ ጉድ እላለሁ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ቆይቼ ስጠይቃቸው ጭንቀታቸው ምስር ለቀማ ሆኖ ተገኘ። ወጡ ውስጥ ጠጠር ሲበዛ ምራታቸው «እማዬ፣ እርስዎ ይረፉ» ብላ ሰፌዱን ወሰደችባቸው። «ቁጭ ብዬ የሰው እጅ ሳይ እውላለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ምስራቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ ሰፌዱንም ይዘው መጡ። ሰፌዱ በቀይና በጥቁር ያጌጠ ነው። በእሱ ላይ ምስርና ጠጠር መለየት ለደህና ዓይንም ፈተና ነው፤ ያውም በጨለማ ጓዳ። ምስሩን ነጭ ትሪ ላይ ዘረጋነው። ትሪውን ከጉልበታቸው አንስተን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። +6 ሌንስ አደረግሁላቸውና ጎንበስ እንዲሉ ነገርኳቸው። ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ምስሩን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ከዚያ አንዷን ጠጠር ቆንጥጠው አነሱና «አየሁሽ!» አሏት።

መምህር ስለሆኑ ማንበብ ነው የሚፈልጉት ብለሽ አትገምቺ። ምናልባት የሚያሳፍራቸው መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው አለመለየታቸው ይሆናል። ማንበብ ከሆነም ምን? ጋዜጣ? ዳዊት? የስልክ ቁጥር? የፊደሉ መጠን ይለያያል፤ ሌንሱም እንዲሁ።

ንባብ ነው እንበል። የገበያው መነጽር ያልሠራው ጉልበቱ ስለሚያንስ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው እስከ +3.5 ወይም +4 ድረስ ነው። የሚያስፈልጋቸውን ለመገመት የሩቅ ዕይታቸውን ቁጥር ገልብጠሽ አካፍዪ። 6/60 ከሆነ 60 ለ6፣ 10 ይሆናል። በሩቅ መነጽራቸው ላይ የምትጨምሪው መነሻ ሌንስ +10 ነው። ርቀቱን ለማወቅ ደግሞ 100ን ለ10 አካፍዪ፤ 10 ሴንቲ ሜትር። መጽሐፉ አፍንጫ ሥር ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በመነጽር አስተካክለሽ 6/36 ካደረስሻቸው ግን 36 ለ6፣ 6 ነው። ርቀቱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አፍንጫ ሥር ከመያዝ ጋር ሲነጻጸር እፎይታ ነው። ይህ ስሌት መነሻ ብቻ ነው። ማንበብ የሚፈልጉትን ራሱን መጽሐፍ አስይዘሽ፣ ሌንሱን ከፍና ዝቅ እያደረግሽ ሞክሪ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ታካሚው ጠንካራውን ሌንስ ያደርግና መጽሐፉን በለመደው የክንድ ርቀት ይይዘዋል። ድብዝዝ ይልበታል። «ይሄም አልሆነም» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ገጹን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጊው፤ ከዚያ ፊደሉ እስኪጠራ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሳቢው። የጠራበት ቦታ የእሳቸው ርቀት ነው። በዚህ ቅርበት ሁለት ዓይን አብሮ መሥራት ይቸግረዋል። ግራው በጣም ስለደከመ በቀኙ ብቻ ያንብቡ፤ ግራው ከረበሻቸው ሸፍኚው። ክንድ እንዳይዝል መጽሐፉ ትራስ ወይም ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ይረፍ።

«ዝም ብለው ያቅርቡት» ብሎ መምከርም ለ68 ዓመት ሰው አይሠራም። ልጅ ያለ ሌንስ አቅርቦ ማየት ይችላል፤ የልጅ ዓይን ጉልበት አለው። በዕድሜ የገፋ ሰው ግን ሌንስ ያስፈልገዋል። ከፍተኛ ማይናስ መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን መነጽሩን ማውለቅ ብቻ ሊበቃው ይችላል። −8 የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ በ12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥርት አድርጎ ያያል። ያለ ወጪ፣ ያለ ሪፈር።

ማጉያ መስታወት ላይ ሁሉም ሰው ትልቁን ይመርጣል። ትልቅ ሲሆን የሚያጎላ ይመስላል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ጠንካራው ማጉያ ትንሽ ነው፣ ወደ ዓይንም ወደ ገጹም መቅረብ አለበት። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ገጹ ላይ የሚቆም እግር ያለው ይሻላል። ሱቅ ላይ ያዩትን ገዝተው እንዳይመጡ ንገሪያቸው፤ ሞክረው ብቻ ይግዙ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ማጉያ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አይቀመጥ፤ እሳት ያስነሳል።

ብርሃን ከሌንስ ቀጥሎ ያለ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለች አምፖል አትበቃም። መብራቱ በተሻለው ዓይን በኩል፣ ገጹ ላይ የሚያርፍ፣ ዓይን ውስጥ የማይገባ ይሁን። የመብራቱንና የገጹን ርቀት በግማሽ ብትቀንሺው ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 4 እጥፍ ያድጋል። አምፖል መቀየር ሳያስፈልግ ማለት ነው። ቀን ከሆነ መስኮቱ በጎናቸው ይሁን እንጂ ፊት ለፊታቸው አይሁን። ነጭ ወረቀት የሚያንጸባርቅባቸው ከሆነ ከጥቁር ካርቶን አንድ ወይም ሁለት መስመር የሚያሳይ ቀጭን መስኮት ቁረጪላቸው። ገጹ ላይ አስቀምጠው ወደ ታች እያወረዱ ያነባሉ። መስመር ለሚጠፋባቸውም ይረዳል። የሚያስፈልግሽ መቀስ ብቻ ነው። (የትራኮማ ጠባሳ ብሌኑ ላይ ላለበት ሰውና ለአልቢኖ ግን ብዙ ብርሃን ራሱ ሕመም ነው። ለእነሱ ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ ቅድሚያ አለው። ጥቁር መነጽር ከቤት ውጭ ይሁን፤ ቤት ውስጥ የቀረውንም ያጨልመዋል።)

የቀለም ልዩነትን ለልጃቸው አስተምሪያት። ቡና በነጭ ሲኒ ይታያል። ወተት በነጭ ኩባያ አይታይም፤ እስኪፈስ ድረስ። የደረጃው ጠርዝ ነጭ ቀለም ይቀባ። ስልክ ቁጥር በቀጭን እስክሪብቶ ሳይሆን በወፍራም ጥቁር ማርከር ይጻፍ። ሁለት የመድኃኒት ጠርሙስ ካላቸው አንዱ ላይ ላስቲክ ይታሰርበት። የስኳር ታካሚ ሆኖ ኢንሱሊን ራሱ የሚወጋ ሰው ካጋጠመሽ የሲሪንጁን መስመር በትክክል ማንበቡን ዓይንሽ እያየ አረጋግጪ። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስልካቸው ስማርት ከሆነ ደግሞ ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ ፊደሉን አሳድጊላቸው። ካሜራው ራሱ ማጉያ ነው፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው በጣት ማስፋት ይችላሉ።

አሁን መሃሉ ስለተጎዳ ስለ አመለካከታቸው። ቀጥታ የሚያዩት ነገር ይጠፋባቸዋል። ጎን ለጎኑ ግን ይታያል። ፊት ለፊታቸው ተቀመጪና «ፊቴን ይዩ» በያቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ግንባርሽ በላይ፣ ወደ ቀኝ ጆሮሽ፣ ወደ ግራው፣ ወደ አገጭሽ በታች እያዘዋወሩ ፊትሽ የቱ ጋ ሲሆን እንደሚጠራ ይንገሩሽ። ያ አቅጣጫ መስኮታቸው ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይለማመዱት፤ በአንድ ቀን አይመጣም። ቤተሰቡም ይወቅ። «እያናገርኩት ወደ ሌላ ያያል» የሚባለው ንቀት አይደለም፤ እሳቸው እያዩ ያሉት እንደዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ለግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ለሚጎዳ በሽታ) ታካሚ እንዳለ አትገልብጪው። የግላኮማ ሰው ቻርቱን 6/9 እያነበበ በር ሊጋጨው ይችላል። የጠፋበት ዳሩ ነው። ፊደል ብታጎይለት ከጠባቧ መስኮቱ ውጭ ይወጣበታል። ለእሱ የሚጠቅመው አንገቱን እያዞረ መቃኘት፣ ጥሩ ብርሃንና ነጭ በትር ነው። በትር ለመያዝ ብዙዎች ያፍራሉ። ስለ አጠቃቀሙ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን መጠየቅ ይቻላል። ጠብታውን ደግሞ ለአንድ ቀንም ማቋረጥ የለበትም። ጸበል የሚሄድ ከሆነ አትከልክዪው፤ ጠብታውን ይዞ ይሂድ። ወንድም፣ እህትና ልጆቹም ይመርመሩ።

አንድ ነገር መምህሩን ብቻቸውን አድርገሽ ጠይቂ። «የሌለ ነገር፣ ሰው ወይም አበባ ወይም መልክ፣ ይታይዎታል?» ዕይታው የወረደ ሰው አእምሮው ደህና ሆኖ እንዲህ ያለ ምስል ሊያይ ይችላል። ቻርልስ ቦኔ ሲንድረም ይባላል። ድምፅ የለውም፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ግን ለማንም አይናገርም። «አበደ» ወይም «ሰይጣን ያዘው» እንዳይባል ይፈራል። ምክንያቱን ሲሰማ ብቻ ብዙ ይቀለዋል። ምስሉ የሚያናግረው ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ግራ የተጋባ ከሆነ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነውና ወደ ሐኪም ላኪው።

ልጆችን ለብቻ አነሳለሁ፤ እዚህ ላይ መዘግየት ዋጋው ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ብሬል እየተማረ ያለ ልጅ አየሁ። ጣቱ ወረቀቱ ላይ የለም። ፊቱን ገጹ ላይ ደፍቶ፣ ከመስኮቱ በሚመጣው ብርሃን የነጥቦቹን ጥላ በዓይኑ ያነባል። ትናንሽ ነጥቦችን የሚያይ ዓይን ፊደል ማየት አያቅተውም። ማንም ግን በቅርብ ርቀት ለክቶት አያውቅም ነበር። «ዓይነ ስውር ነው» ተብሎ መጣ፣ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ልጅ ሲመጣልሽ በ6 ሜትር ለክተሽ አታቁሚ። መጽሐፉን ስጪውና እንደፈለገ አቅርቦ ያንብብ። ወላጁ «ራቅ አድርገህ ያዝ» እያለ እንዳይመታው ንገሪው። ለአስተማሪው ደብዳቤ ጻፊለት፤ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ሰሌዳው ድረስ ሄዶ እንዲያይ ይፈቀድለት፣ ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርለት። ብሌኑ ነጭ የሆነ ሕፃን ካየሽ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም። የልጅ ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍለት።

ምክሬ ይህ ነው። በክፍልሽ ማንም ታካሚ በቅርብ ርቀት ሳይለካና ምን ማድረግ እንዳቃተው ሳይጠየቅ «የሚደረግ የለም» ተብሎ አይውጣ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገውን፣ ማለትም ከፍተኛ ሌንስ፣ ሩቅ ማሳያ ቴሌስኮፕ፣ የእንቅስቃሴ ሥልጠና፣ ሎው ቪዥን አገልግሎት ወዳለበት ማዕከል ላኪ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል አንዱ ነው። ከመላክሽ በፊት ግን ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ። ተስፋ አድርጎ፣ የትራንስፖርት ተበድሮ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ሁለተኛ አይሄድም። ወሰንሽንም አትደብቂ። መምህሩ እንደ ቀድሞው ጋዜጣ ዘርግተው አያነቡም። መኪና አይነዱም። ንባባቸው ዘገምተኛ ይሆናል፤ በየጥቂት ደቂቃው ማረፍ ይፈልጋሉ። ይህን ከመጀመሪያው ከሰሙ አይከፋቸውም። ደብቀሽ ቆይተው ከደረሱበት ግን ሌንሱንም አንቺንም ይተዋሉ።

መምህሩን መልሰሽ ጥሪያቸው። ማንበብ የሚፈልጉትን መጽሐፍ ይዘው ይምጡ፤ ልጃቸውም አብራ ትምጣ። ሌንሱን ሞክረሽ ስትሸኛቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ10 ለ10 ደቂቃ ብቻ ይጀምሩ። ከ2 ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ስጪያቸው። ያን ቀን ቻርቱን ከማሳየትሽ በፊት ስንት ገጽ እንዳነበቡ ጠይቂያቸው።